የወይዘሮ እታገኘሁ ትራስ

አቶ ሀብተየስ በጅጅጋ የውኃ ጉድጓድ ጥገና ጽሕፈት ቤት የአስተዳደር ክፍል ኃላፊ ሆኖ አሥራ ሁለት ዓመት የዘለቀው “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” በምትለው በአንዲት ተረት ነው። ንጉሡ ሲወርዱ ዝም አለ። የሶማሊያ ጦር ከተማውን ሲይዝ ዝም ብሎ ወደ ሐረር ሸሸ፤ ጦሩ ሲወጣ ደግሞ ዝም ብሎ ተመለሰ። ሲመለስ የወንበሩ አንድ እግር ተሰብሮ ነበር። ስለ እሱም ቢሆን ለማንም ምንም አልተናገረም፤ ጡብ ደገፈበትና ተቀመጠ።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በ1977 ዓ.ም. ጳጉሜን አራት ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጓድ ጫኔ ሳያንኳኳ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው። ጫኔ የጽሕፈት ቤቱ የፓርቲ ተጠሪ ነው። ከዚያ በፊት ዕቃ ግምጃ ቤት ቁጭ ብሎ የቧንቧ መፍቻ ያድል ነበር። ያን ጊዜ ሀብተየስ “አንተ” ይለው ነበር፤ አሁን “እርስዎ” ይለዋል። ክፉ ሰው ነው ለማለት አይቻልም፤ ችግሩ ተጠሪ ከሆነ ወዲህ የሚያድለው መፍቻ ስለሌለ እጁ ሥራ መፍታቱ ነው።

“እታገኘሁ ዛሬ ትባረራለች” አለ ጫኔ።

“የትኛዋ እታገኘሁ?” አለ ሀብተየስ፣ ልቡ እስኪመለስለት። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እታገኘሁ አንዲት ናት፤ ታይፕ የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእታገኘሁ ቤት የዋናው መንገድ ማዕዘን ላይ ስለሆነ፣ ቀበሌው ለአብዮት በዓል “አብዮታችን ለዘለዓለም ይኖራል” የሚል ረጅም ቀይ ጨርቅ አጥሯ ላይ ቸንክሯል። ትናንት እሑድ ሩፋኤል ነበር። እታገኘሁ የሩፋኤልን ዝናብ በበርሜል ተቀብላ የዘመን መለወጫ ልብሷን ስታጥብ ዋለችና፣ የማስጫውን ገመድ መፈክሩ ከተሰቀለበት ከዚያው እንጨት ጋር አሰረችው። ገመዱ ላይ መጀመሪያ የዋለው የትራስ ልብሷ ነው፤ በቀይ ክር፣ ደመቅ ባለ ጥልፍ፣ “ይህም ያልፋል” ይላል። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ከመፈክሩ ጀምሮ እስከ ትራሱ በአንድ ትንፋሽ እያነበበ አለፈ። አንዳንዱም ሊያነብ ተመልሶ መጣ።

“ጓድ ጫኔ፣ እሑድ እኮ ነው” አለ ሀብተየስ። “ትራሱም የራሷ ነው። ሥራ ላይ ሆና ቢሆን...”

“እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደብዳቤው ይድረስ። ዘጠኝ ላይ ኮሚቴው ተሰብስቦ ያጸድቀዋል። ሥራ አስኪያጁ ሐረር ስለሆኑ የምትፈርመው አንተ ነህ።”

ሀብተየስ ወረቀት አውጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አላበው። “ይህም ያልፋል በማለትዎ” ብሎ ጀመረና ሰረዘው፤ እንዲህ ያለውን ነገር በመንግሥት ማኅተም ማን ያትማል? በመጨረሻ “በታወቀው ምክንያት ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እንገልጻለን” ብሎ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ የባሰው ትዝ አለው። ይህን ማን ይተይበዋል?

እታገኘሁ ታይፑን በጨርቅ ስትወለውል ደረሰ። አርባ ዓመት የሞላት፣ ሁለት ሴት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ባሏ የውኃ ቦቴ ሹፌር ነበር፤ በሰባ ዓመተ ምሕረቱ ጦርነት እንደወጣ ቀረ። ሀብተየስ ረቂቁን ጠረጴዛዋ ላይ በአፍጢሙ ደፋው። እሷም ገልብጣ አነበበችው።

“ስንት ኮፒ?” አለች።

“አራት።”

አራት ወረቀት በካርቦን አስማምታ ታይፑ ላይ ጠቀለለችና መምታት ጀመረች። መሐል ላይ ቆም አለች።

“ጋሼ ሀብተየስ፣ ‘የተሰናበቱ መሆኑን’ አይባልም። ‘መሆንዎን’ ነው።”

“አስተካክይው።”

“አስተካክላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ አንቺ ነበርኩ። አንቱ የሆንኩት ስታባርሩኝ ነው።”

ሀብተየስ ምሳው ደረሰ ብሎ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ምሳ አልበላም፤ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወድቆ እንቅልፍ ወሰደው። ሰው ሲጨንቀው አንዳንዱ ይጠጣል፣ አንዳንዱ ይሳደባል፤ ሀብተየስ ይተኛል። ባለቤቱ ወለተሐና ልትቀሰቅሰው መጥታ ፊቱን ስታይ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች።

“ምን ሆንሽ?”

“መስተዋት እይ።”

አየ። በግራ ጉንጩ ላይ፣ ከጆሮው ሥር እስከ አፉ ጥግ፣ “ያልፋል” የሚለው ቃል ተገልብጦ ታትሟል። ዘወር ብሎ ትራሱን አነበበው። አራት ዓመት ሙሉ የተኛበትን ትራስ አንድ ቀን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም።

“ይህን ከየት አመጣሽው?”

“ከእታገኘሁ ነዋ። ከተማው ሁሉ የሚተኛው በእሷ ትራስ ላይ አይደል እንዴ?”

ሀብተየስ አልጋው ላይ መልሶ ቁጭ አለ። የሆነውን ሁሉ ሲነግራት ወለተሐና ሳቋን አቆመች፤ ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክራ ጉንጩን ታሸው ጀመር። ፊደሉ ጠፋ፤ ጉንጩ ግን በጥፊ የተመታ ሰው ጉንጭ መሰለ።

“ልትፈርምባት ነው?” አለችው እያሸች።

ሀብተየስ ዝም አለ። በዚያች ደቂቃ ዝምታው ራሱን አስጠላው፤ በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ጫኔ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ሀብተየስ፣ እና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ማሃሙድ። ማሃሙድ የመቆፈሪያውን መኪና የሚነዳ የሀርሺን ሰው ነው። መፋቂያ ከአፉ አይለይም፤ ስብሰባ ላይ የሚያወጣው ለመናገር ብቻ ነው። ጫኔ ዘግይቶ፣ ዓይኑ እንዳበጠ መጣና፣ ግራ ጎኑን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ።

“ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ” አለ። “እናጽድቀውና እንሂድ።”

ማሃሙድ መፋቂያውን አወጣ። “እሑድ ቀን በቤቷ ያሰጣችው ትራስ የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ የሆነው እንዴት ነው?”

“አብዮተኛ እሑድ የለውም። የመንግሥት ሠራተኛ ሃያ አራት ሰዓት የመንግሥት ነው።”

“ወላሂ ይህን አላውቅም ነበር። እንግዲያ የሰባት ዓመት የትርፍ ሰዓት ይታሰብልኝ።”

“ቀልድ አይደለም፣ ማሃሙድ።”

“አልቀለድኩም። እኛ ዘንድ ግመል ትከራያለህ። ጭነትህን ከሀርሺን ጅጅጋ ታደርስልሃለች፣ ታራግፋለህ። ከዚያ በኋላ የት እንደምትግጥ፣ ወደ የት ዞራ እንደምትጮህ አንተን አያገባህም። ጠዋት ጭነትህን አልሸከምም ካለች ያን ጊዜ ና፣ እንዳኝሃለን። ይህች ሴት ዛሬ ጠዋት ተሸክማ የለም እንዴ? የራሷን ማባረሪያ ሳይቀር መትታለች።”

“የጭነት ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ትራስ ላይ የጠለፈች ነገ...”

“ብርድ ልብስ ላይ” አለ ማሃሙድ፣ መፋቂያውን መልሶ እየጎረሰ።

ጫኔ ጠረጴዛውን መታ። “ሀብተየስ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍ! ፀረ አብዮት ጽሑፍ ጠልፋ በአደባባይ በመስቀሏ።”

ሀብተየስ እስክሪብቶውን አነሣ። ሊጽፍ አጎነበሰ፤ ከዚያ ቀና አለ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

“ጓድ ጫኔ፣ እንዲህ ብንልከው ሐረር ያሉት አለቆች ይመልሱብናል። ትራሱ ‘ይህም’ ነው የሚለው። ‘ይህ’ የተባለው ምን እንደሆነ መገለጽ አለበት።”

“ግልጽ ነው እኮ!”

“ለእኔና ለእርስዎ ግልጽ ነው። ለመዝገቡ ነው። ምን ነው ልበል?”

“አብዮቱ ነዋ!”

“እሺ።” ሀብተየስ እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ። “ጓድ ጫኔ... ‘ይህ’ ማለት አብዮቱ ነው... ስለዚህ አብዮቱ ያልፋል ማለት ነው ሲሉ... አስረዱ። ልክ ነው?”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጫኔ እጁን አወናጨፈ።

“እኔ አላልኩም! ያለችው እሷ ናት።”

“እሷ ያለችው ‘ይህ’ ነው” አለ ማሃሙድ። “አብዮቱን ያመጣኸው አንተ ነህ።”

“ሰርዘው! ራሷ ትጠራ። ራሷ ትናገር።”

እታገኘሁ ተጠርታ መጣች። የትራስ ልብሱን አጣጥፋ ይዛለች፤ ማስረጃ ነው ተብላ ከቤቷ አምጥታው ነው። በር ላይ ቆመች።

“በይ፣ ‘ይህ’ ያልሽው ምንድን ነው?” አለ ጫኔ።

ምንም ብትል ትጠፋለች፣ ብሎ አሰበ ሀብተየስ። እሷ ግን ጫኔን ትኩር ብላ አየችው፤ ዓይኗ ግራ ጉንጩ ላይ ቀረ።

“የመጀመሪያውን የጠለፍኩት ሐረር፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለን ሳለን ነው” አለች። “ባለቤቴ ቦቴውን ይዞ ከወጣ ሃያ ቀን ሆኖት ነበር፤ ሞቱን አልሰማሁም። ጨርቁ የዱቄት ከረጢት ነበር። ‘ይህ’ ያልኩት ያንን ነው። እሱ ደግሞ እስካሁንም አላለፈልኝም። ለሰው ስሠራ ግን ‘ይህ’ ምን እንደሆነ እኔ አልወስንም። የሚተኛበት ሰው ነው የሚያውቀው። እርስዎ ጓድ ጫኔ፣ ዛሬ ምን ብለው ተኙበት?”

“እኔ?”

ሀብተየስ ዓይኗን ተከትሎ አየ። ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን፣ በጫኔ ጉንጭ ላይ፣ ከጆሮው ሥር እስከ አፉ ጥግ፣ ፊደሎቹ እንደተገለበጡ ጉልህ ብለው ቆመዋል። ማሃሙድም አንገቱን አስግጎ አየና መፋቂያው ከአፉ ወደቀ።

“ወላሂ፣ ተጽፎብሃል” አለ።

ጫኔ ጉንጩን በጣቱ ዳሰሰ። አንድ በአንድ፣ እንደ ዓይነ ስውር ዳሰሰው።

“አትጠገብ ናት” አለ ቀስ ብሎ፤ አትጠገብ ሚስቱ ናት። “ለበዓል ብላ አዲስ አልብሳው...”

“ቅዳሜ ነው የወሰደችው” አለች እታገኘሁ። “ጥንድ።”

“ይህንንስ ልጻፈው?” አለ ሀብተየስ። ለማሾፍ አልነበረም፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆነ ነው።

ጫኔ እጁን ከጉንጩ አወረደ። ከዚያ መፍቻ ያድል በነበረበት ጊዜ በነበረው ድምፅ ተናገረ።

“ኩላሊቴ ነው” አለ። “ሌሊት ሌሊት አያስተኛኝም። የእኔ ‘ይህ’ እሱ ነው።”

ሰው አልሳቀም። እታገኘሁ የፍየል ወተት በጥቁር አዝሙድ ይሞክሩ አለችው፤ ማሃሙድ የግመል ይሻላል አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ የተደረገው ክርክር ከመጀመሪያው ክርክር በእጥፍ የረዘመ ነው።

ውሳኔው እንዲህ ተጻፈ፤ “‘ይህም’ የተባለው ልዩ ልዩ ሕመም መሆኑ ስለተረጋገጠ ጉዳዩ ተዘግቷል። ሠራተኛዋ ከመፈክር አጠገብ ልብስ እንዳታሰጣ ተመክራለች።” ሦስቱም ፈረሙ። የተየበችውም እታገኘሁ ናት፤ አንድም ስህተት አልተገኘበትም።

ወጥተው ሲሄዱ ሀብተየስ ጠረጴዛዋ ላይ የማባረሪያውን ደብዳቤ አራት ኮፒ አየ።

“ቅደጂው እንጂ፣ እታገኘሁ።”

“ሦስቱን እቀድዳለሁ። አንዱ ይቀመጥልኝ፤ አንቱ የተባልኩበት ነው።”

ሀብተየስ ቤቱ ሲገባ ወለተሐና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በመርፌ ጫፍ የትራሱን ጥልፍ ትፈታለች። “ይህም” ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ቀዩ ክር ጭኗ ላይ ተከምሯል። “ያልፋል” ብቻ ቀርቷል።

“ተይው” አላት።

“የባሰ እኮ ነው አሁን። ማነው የሚያልፈው ቢሉህ ምን ትላለህ?”

“እናንተ ንገሩኝና ቃለ ጉባኤው ላይ ልጻፈው እላለሁ።”

ወለተሐና ቀና ብላ አየችው፤ ባሏ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስላል። እሱ ትራሱን ከእጇ ወሰደና፣ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጫማውን አውልቆ ተኛበት።