ዕድሜና ክብደት

ጠዋት የሕፃናት ክሊኒኩን መዝገብ ክፍል ከፈትኩ፤ መጋረጃውን ሰብስቤ ኮምፒውተሩን አስነሳሁ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ እንደ ወትሮው ነጭ ፊደል መጣ፤ ዕድሜ በወር፣ ክብደት በኪሎ። ፕሮግራሙን የጻፈው ባለቤቴ ነው፤ ካረፈ ዓመት አልፎታል። እጄ ፈጣን ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ መስመር፣ በመሃላቸው ክፍተት ትቼ እንድጽፍ አድርጎ ሠራልኝ። ፕሮግራሙ ተራ በተራ ያነሳቸውና የመድኃኒቱን መጠን ያትማል።

አዲሷ መዝጋቢ አንድ በአንድ ነው የምትጽፈው። የዚያን ዕለት የአንድ ልጅ ዕድሜ አሥራ ስምንት ወር ሲሆን፣ ቁጥሩን ስትጽፍ በአንዱና በስምንቱ መካከል ክፍተት ገባባት። ፕሮግራሙ አንዱን ዕድሜ፣ ስምንቱን ክብደት አድርጎ ወረቀቱን አተመ። እሷም አለቀ ብላ ላከችው።

ነርሷ ወረቀቱን ይዛ በር ላይ ቆመች። "የአንድ ወር ሕፃን ነው የምትሉኝ? በእግሩ ገብቶ ጓንቴን ይዞብኝ ሮጧል እኮ።"

ሳቅን። ወረቀቱ ላይ ያለው መጠን በሽታውን የሚያዳፍን እንጂ የሚያድን እንዳልሆነ ስትነግረን ግን ሳቃችን ቆመ። መዝጋቢዋ አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ፣ ስለ ቅጥነቱ ሽቦ የምንለው የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ። ሥራውን የለመደው ከባለቤቴ ነው። ፕሮግራሙ መስመሩን በሙሉ አንብቦ፣ ከአንድ ቁጥር ሌላ ካገኘበት እንደገና እንዲጠይቅ ሊያደርገው እንደሚችል አስረዳኝ።

"ግን እትዬ፣ የጋሼ ሥራ ነው። ካልፈቀዱ አልነካውም" አለኝ።

ለእኔ ብቻ እንደ ነበረ መተው አይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ማሽኑ የእርስዎን ጣት ከእሷ ጣት አይለይም።"

ከዚያ ምንም ሳይጽፍ ኢንተር የሚባለውን የመግቢያ ቁልፍ ተጫነ። ጠቋሚው አንድ መስመር ወርዶ ብልጭ ድርግም ማለቱን ቀጠለ። ደገመው፤ አሁንም ወረደ። ይህም እንደሚቀር፣ መስመሩ ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ ወዲያው ስህተት ብሎ እንደሚመልስ ነገረኝ።

ይህን አውቀው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሥራ ስገባ፣ ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ መግቢያውን ብቻ የምጫንባቸው ጠዋቶች ነበሩ። አንድም ቀን ተሳሳትሽ አላለኝም።

ነርሷ ልጁን ይዛ በኮሪደሩ አለፈች፤ ጓንቱ አሁንም በእጁ ነው።

"ቀይረው" አልኩት።

አሁን እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ይጠየቃል፤ ክፍተት የገባበት አያልፍም። መዝጋቢዋ ተረጋግታለች። እኔም እንደ ሰው አንድ በአንድ እጽፋለሁ። ሳይጻፍ መግቢያው ከተነካ "ምንም አልተጻፈም" የሚል ይወጣል። ዝም ብሎ የሚጠብቅ የለም።