አንድ ግንብ፣ ሁለት በር

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ጀርባ ለጀርባ የተሠሩ ሁለት ማረፊያዎች አሉ። አንዱ መዋኛ ገንዳ ስላለው፣ ሌላው የሣር ክዳን ጎጆዎች ስለደረደረ ሁለቱም ራሳቸውን ሪዞርት ብለው ሰይመዋል። የሚለያቸው አንድ ግንብ ብቻ ነው፤ በዚህ በኩል ያነጠሰውን ሰው በዚያ በኩል ያለው «ይማርህ» ቢለው ይሰማል። በሮቻቸው ግን በተለያየ መንገድ ላይ ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመግባት ሰፈሩን መዞር ግድ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ያንን ዙር በአባቴ ብስክሌት ስዞር የከረምኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ባለገንዳው ውስጥ፣ እህቴ ባለጎጆው ውስጥ ያርፉ ነበር። ለማረፍ ነዋ የመጡት።

ስሜ ዝናሽ ነው። አርባን አልፌያለሁ። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነኝ፤ የመጨረሻ ልጅ ማለት እኛ ቤት ሁሉም ወጥቶ ሲሄድ በሩን የሚዘጋ ማለት ነው። አባባ፣ ወልደ ማርያም፣ ዕድሜውን በምድር ባቡር ያገለገለ ሰው ነው፤ ዛሬም ብስክሌቱን በፈረንሳይኛ «ቬሎ» እያለ ነው የሚጠራት። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው ወዲህ የማነሳው፣ የማጥበው፣ የማለብሰው እኔ ነኝ። እወደዋለሁ። ይህን ቀድሜ መናገሬ፣ ቀጥሎ የምለውን ሰምቶ አባቷን የጠላች የሚለኝ እንዳይኖር ነው።

ኒቆዲሞስ የሚባል ሰው አለኝ። የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስጨርስ ትራንዚተር ነው። ሥራው ወደ ሞጆ ሲዛወር «ጥር ላይ እንጋባ» አለኝ። «ጥር ካለፈ ግን ዝናሽ፣ እኔም ሸበትኩ፤ ከዚህ በላይ አልጠብቅም።» አልተቀየምኩትም፤ ብዙ ጠብቋል። የተከራያት ክፍል ግን ከአንድ አልጋ በላይ አትይዝም፣ አልጋ የያዘ ሽማግሌ ይዤበት አልሄድም። ስለዚህ ጥር ሳይገባ አባባን ከሁለት አንዳቸው መውሰድ አለባቸው። ጉዳዬ ይኸው ነው፤ ለሁለቱም በስልክ ነግሬያቸዋለሁ።

ችግሩ ወንድሜና እህቴ አይነጋገሩም። እናታችን ያረፈችው በሰኔ ሙቀት ነው። እታለም፣ ትልቋ እህቴ ሰርካዲስ፣ ከአዲስ አበባ ስትመጣ መኪናዋ አዋሽ ላይ ተበላሸባት። «ጠብቁኝ» ብላ ደወለች። የበኩሩ ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ «በዚህ ሙቀት ሬሳ አይጠብቅም» ብሎ አስቀበረ። እታለም የደረሰችው ማታ፣ አፈሩ ከተደለደለ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ሆነው፤ ያን ቀን የተዘጋ አፍ እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

ዘንድሮ ለቁልቢ ገብርኤል ሁለቱም ቤተሰባቸውን ይዘው ሊመጡ አሰቡ። ሁለቱም ለየብቻ ደወሉልኝ፤ ሁለቱም አንድ ነገር አሉ። «ጥሩ ማረፊያ ፈልጊልኝ፤ ከነሱ የራቀ ይሁን።» እኔ ደግሞ ግንብ ለግንብ አስያዝኳቸውና ለእያንዳንዳቸው «እነሱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ናቸው» አልኩ። ልጆቻቸው በግንቡ ላይ ኳስ ሲወራወሩ አይተው ያፍራሉ ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ጋሼ ስልክ ላይ ሲጮህ እታለም ከጎጆዋ ሆና ድምፁን ለየችው። ትቶ መሄድ እንዳይቻል የቁልቢ ሰሞን ነው፤ ድሬ ሙሉ አንድ ባዶ አልጋ አልነበረም። ተናደዱብኝ፤ ግን እዚያው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የኔ ዙር ተጀመረ። ስልክ አላቸው፤ ግን አንዱ የሌላውን ቁጥር ዘግቷል። ስለዚህ አባባን አጥቤ፣ ቁርሱን አብልቼ፣ ጎረቤታችን ሻሚስ አጠገቡ ስትቀመጥልኝ ብስክሌቱን ይዤ እወጣለሁ።

«የአዲስ አበባን ብርድ አትርሺ» አለኝ ጋሼ፣ እግሩን ገንዳው ውስጥ ነክሮ። «አባባ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ደግሞ ማን ያነሳዋል? ሚስቴ ሥራ ውላ ነው የምትገባው። እናቷን ያልቀበረች ልጅ አባቷን ትጡር፤ ንገሪያት።»

ብርዱንም፣ ማንሳቱንም የሚነግረው ለኔ ነው። ለቀባሪው አረዱት። ፔዳሉን ረገጥኩና ወደ እታለም ዞርኩ።

«ምን አለ?» አለች እታለም፣ ከጎጆዋ በር ላይ ሆና።

«ካንቺ ጋር ይሻለዋል አለ።»

«እሱ እንዲህ አይልም፤ አንቺ ነሽ ያለሳለስሽው። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ ዝኑ፣ ሊፍት የለውም። እሱ ግቢ አለው። ያኔ እኔ ነኝ ወሳኙ ብሎ እናቴን ሳላያት አፈር ያለበሳት እሱ አይደል? አሁንም ይወስን፤ ንገሪው።»

«ምን አለች?» አለ ጋሼ።

«አንተ ትልቅ ነህ አለች።»

እንዲህ ስዞር ሰነበትኩ። ሰፈርተኛው ለመደኝ፤ የባጃጅ ሹፌሮች «ታረቁ ወይ?» እያሉ ይጮሁብኝ ጀመር። «መንገድሽ ላይ ከሆነ አይቀር» እያሉ ደግሞ ሁለቱም ዕቃ ያዝዙኝ ጀመር። ጋሼ ፓፓያ፣ እታለም የራስ ምታት ኪኒን። ሁለቱም ደግሞ፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ፣ በልጅነታችን እናታችን የምትገዛልን ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ አማራቸው። ከአንድ ሻጭ፣ ከአንድ መጥበሻ ገዝቼ ለየብቻ አስጠቀለልኩ። ስኳሩ እየፈሰሰ መሪው እጄ ላይ ተጣበቀ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ ብዬ መንገድ ዳር ቆሜ እጄን በውሃ ታጠብኩ።

አባባን ለማየት መጥተዋል፤ አልዋሽም። ጋሼ በጠዋት፣ እታለም በማታ፣ እንዳይገናኙ ሰዓቱን በኔ በኩል እያጣሩ። አባባ በሁለቱም ፊት አንድ ነገር ነው የጠየቀው። «ወንድምሽስ?» አይልም፣ «እህትህስ?» አይልም፤ «አንድ ላይ አትመጡም?» ነው የሚለው።

ለገብርኤል ዋዜማ እኔም ከሰፈር ሰዎች ጋር በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጣሁ። ቁልቢ ላይ ሰው እንደ ጤፍ ፈሷል። ከጎኔ ያሉት ሁሉ ድምፃቸውን አውጥተው የሚፈልጉትን ይጠይቃሉ፤ ልጅ፣ ቪዛ፣ መኪና። እናታችን ግን በታቦት ፊት ለራስ መለመን ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገችን። ጧፌን አበራሁና «ገብርኤል፣ ኃይለጊዮርጊስንና ሰርካዲስን አስታርቅልኝ፤ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ስለ ኒቆዲሞስ፣ ስለ ጥር አንድ ቃል አልወጣኝም። የታረቀ ልጅ አባቱን ይወስዳል፤ ይህን ለመልአክ ማስረዳት ያስፈልጋል እንዴ አልኩ።

ለሻሚስ ስነግራት አባባን እያገላበጠች ነበር።

«ለራስሽስ አባዮ?» አለችኝ። በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው።

«እነሱ ከታረቁ የኔም አለቀ።»

«አቦ፣ ወላሂ አንቺ ስትለምኚም ለሰው ነው» አለችና ትራሱን አስተካከለችለት።

በበዓሉ ማግስት፣ ከምሳ በኋላ፣ እታለም ስልክ አላነሳ አለች። በዚያ ሰዓት ድሬ ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል፤ በታኅሣሥም ቢሆን በቀትር ሰው ቤት አይኬድም። እኔ ግን የደም ግፊት አለባት፣ አንድ ነገር ሆና እንዳይሆን ብዬ ወጣሁ። ጎጆዋ ዝግ ነው። ዘበኛው ከእንቅልፉ ባንኖ «በወዲያ በኩል ሄደዋል» አለኝ። ሰፈሩን ዞርኩ።

ገንዳው ዳር፣ አንድ ጃንጥላ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቻቸው አብረው ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። እኔ የገዛሁት ሙሸበክ መሃላቸው ተዘርግቷል፤ ጋሼ እየቆረሰ ያቀብላታል፣ እሷ ጣቷን እየላሰች ትስቃለች። ብስክሌቱን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜዬ ተሰምቶኝ አያውቅም። ለኒቆዲሞስ ደውዬ «እሺ፣ ጥር ላይ» ስለው ከወዲሁ በልቤ ተሰማኝ።

«ነይ ዝኑ፣ ነይ ተቀመጪ» አለች እታለም። «ትናንት ቁልቢ ላይ በሰው ግፊያ መሃል ፊት ለፊት ተጋጨን። እዚያ ፊት ማዞር ደግሞ የለም። ተላቅሰን አበቃን።»

«እልል ማለት ነው የቀረኝ» አልኩ። «ታዲያ አባባ ወደ ማን ይሄዳል?»

ሁለቱ ተያዩ። ሦስት ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ በዓይን መግባባት ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

«ስለሱም ተነጋግረናል» አለ ጋሼ። «ሽማግሌ ከለመደበት ነቅለሽ ብትወስጂው ይሞታል። እዚህ ሙቀቱ ይስማማዋል፣ ጎረቤቱ ያውቀዋል። ካንቺ እጅ ደግሞ የማንም እጅ አይመቸውም። ይህን ሁለታችንም አምነንበታል። ነገ አብረን መጥተን እናየዋለን።»

«ኒቆዲሞስም ቁም ነገረኛ ሰው ከሆነ ይጠብቃል» አለች እታለም። «ከታረቅን ደግሞ አንቺን አንረሳሽም። እስቲ አሳያት።»

ጋሼ ተነስቶ ከግንቡ ሥር አንድ ብስክሌት እየገፋ አመጣ። ቀይ ነው፤ የኮርቻው ላስቲክ ገና አልተላጠም። ከፊቱ ቅርጫት አለው።

«በአባባ አሮጌ ብስክሌት ስትሰቃዪ አየንሽ» አለ። «ለገበያም፣ ለመድኃኒትም ይሆንሻል። ከሁለታችንም ነው።»

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ሲታረቁ የሚተኙት የት እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።

ተቆጥቼ አላውቅም ማለት አልችልም፤ እንደዚያን ቀን የተቆጣሁበት ቀን ግን የለም። ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«ለእማማ ቀብር ግማሽ ቀን አልጠበቅክም። ለኔ ሲሆን ሰው ዕድሜውን ይጠብቅ ነው የምትሉት?»

እታለምን አየኋት። ይህ ቃል የሷ ነው፤ ሦስት ዓመት የተናገረችው፣ እኔ እያለሳለስኩ ያመላለስኩት ቁስሏ ነው። ከማንም በላይ የሚገባው ለሷ ነው። ከጎኔ ትቆማለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ዝናሽ፣ ተይ እንግዲህ» አለች። «ሙቀት ነበር። በዚያ ሙቀት ሬሳ ያድራል እንዴ?»

አሮጌው ብስክሌት ላይ ወጣሁ። «አዲሱንስ?» ብላ ጠራችኝ፣ ዞር አላልኩም። ማታ በባጃጅ ጭነው ላኩት።

ቤት ስደርስ ሻሚስ ፊቴን አይታ ሻርፗን አንስታ ወጣች። አባባ ነቅቶ ነበር።

«ምነው በቀትር?» አለኝ።

«ጋሼና እታለም ታረቁ አባባ።»

ቀኝ እጁን ወደ ጣሪያው ዘረጋ። ለረጅም ጊዜ ዘርግቶ ቆየ። ከዓይኑ ጥግ የወረደውን እንባ በነጠላዬ ጠረግኩለት። ነገ ሁለቱም አንድ ላይ እንደሚመጡ ነገርኩት፤ ያ እውነት ነበር።

«ስለትሽ ሰመረ?» አለ።

«ሰመረ።»

ገብርኤልን ምን ልበለው? የጠየቅኩትን ነው የሰጠኝ። ጃንጥላውን በሐምሌ አስገባለሁ።

«እንግዲያ ጥር ላይ ልድርሽ ነዋ» አለ አባባ። «እኔን ይወስዱኛል፣ አንቺም ትሄጃለሽ። ሱፌን አውጪልኝ እስቲ፤ ይሆነኝ እንደሆን እንየው።»

እሱም እንደኔው ነው ያሰበው። የልጆቹ ዕርቅ ለሁላችንም የሚበቃ መስሎታል። ነገ እነሱ ራሳቸው ይንገሩት አልኩ፤ አንድ መልእክት እንኳ እኔ ሳላለሳልሰው ይድረስ።

ቁምሳጥኑን ከፍቼ የጡረታው ዕለት የለበሰውን ጥቁር ሱፍ አወጣሁ። ከወገቡ ደግፌ አስቀመጥኩት። ቀኝ እጁን ራሱ እጅጌው ውስጥ ከተተ። ግራው አይታዘዝለትም፤ እንደ ሁልጊዜው አንጓውን ይዤ በእጅጌው ውስጥ ቀስ ብዬ አሳለፍኩለት።