ከቲሪንስ የመጣው ድንጋይ

ሉሊት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥታ ላንድማርክ ሰፈር፣ አማቷ ቤት ድረስ መኪና የነዳችው የሟች ባሏን ድንጋይ ለመውሰድ ነበር። ማቲያስ ግሪክ አገር፣ ቲሪንስ በምትባል ጥንታዊ የምሽግ ከተማ ቁፋሮ ሲሠራ ከግንቡ ሥር ያነሣው ነው፤ ለእናቱ ሰጥቷቸው ነበር። ልብሱን ለነዳያን ሰጥታ ስለጨረሰች፣ ይህን ለራሷ ፈለገች።

አማቷ እታለማሁ ድንጋዩን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ጉልበታቸውን ያሹ ነበር።

«እማማ፣ ይሄ ከገዳም የመጣ እምነት አይደለም እኮ» አለች በቀስታ። «የምሽግ ድንጋይ ነው። ግንቡን አንድ ዓይን ያላቸው ግዙፎች ሠሩት ይባላል።»

«አንድ ዓይናዎች?» ሳቁ አሮጊቷ። «ታዲያ አልተንጋደደባቸውም?»

«ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሚቆፍሩት ግን ሰው ነው የሠራው ይላሉ።»

«ልጄም እንዲያ ነው ያለኝ።»

«ያውቁ ነበር?»

«ገዳም እንዳልሆነማ ነግሮኛል። በእጁ ይዞት አይደል የመጣው? ለእኔ እሱ ይበቃኛል።» ድንጋዩን በነጠላቸው አድርቀው አቀበሏት። «ልትወስጂው ነው የመጣሽው፤ እንኪ።»

ሉሊት ለአፍታ በመዳፏ ጨበጠችው። ከዚያም ተንበርክካ ውሃው ውስጥ መልሳ ነከረችውና የአማቷን ጉልበት ታሽ ጀመር።