ያልተጠረገው ቤት

እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ፤ ነጭ ነገር ሲቆሽሽ ደሜ ይፈላል። ከሰፈራችን አናት ላይ ያ የሲሚንቶ ፋብሪካ ከተተከለ ወዲህ ደግሞ ደሜ ያልፈላበትን ቀን አላስታውስም። አንሶላ አጥቤ አሰጣለሁ፣ ሳይደርቅ አመድ ይለብሳል፣ እንደገና እዘፈዝፋለሁ። ይሁን፣ አንሶላስ ይታጠባል። የሰው ሳንባ በምን ይታጠባል?

ልጄን አስም ያዛት። የሚያስለው ሰፈሩ ሁሉ ነው፤ የእሷ ሳል ግን አንጀት ይበላ ነበር። ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ትምህርት ቤትም ግማሹን ቀን ዴስክ ላይ ተደፍታ ነው የምትውለው። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ፣ «እዚህ አየር ውስጥ እስካለች ድረስ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም። ራቅ ያለ ዘመድ የላችሁም?» አለኝ። አለን፤ የባሌ እህት። ትምህርት ሲዘጋ ወስደን እሷ ዘንድ ልናስቀምጣት ተስማማን። ልጅ እንደ ዕቃ አደራ ሊሰጥ!

አቤት ስንል ከርመን፣ በመጨረሻ የአየር መርማሪ ትመጣለች ተባለ። ጭሱ ለጤና ጎጂ ነው ካለች፣ ፋብሪካው ማጣሪያ እስኪያስገባ ይዘጋል። አይደለም ካለች ልጄ መሄዷ ነው።

እኛስ ምን አደረግን? እንግዳ ይመጣል ሲባል እናቶቻችን ያስተማሩንን ነዋ! ገና በማለዳ መጥረጊያ ያልያዘ እጅ አልነበረም። ጣሪያ ታጠበ፣ መስኮት ተወለወለ፣ መንገዱ ላይ በባልዲ ውሃ ተረጨ፤ የዛፉ ቅጠል እንኳ አልቀረንም። «ቆሻሾች ናቸው እንዳትለን!» እየተባባልን።

ያልጠረጉት እትዬ ነገ ብቻ ነበሩ። ይሄ ስማቸው አይደለም፤ ሥራውን ሁሉ «ነገ ይደርሳል» ስለሚሉ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። ያን ዕለትም በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ «ምን ያራውጣችኋል? አማች ነው እንዴ የሚመጣው?» እያሉ ያሾፉብን ነበር።

መርማሪዋ መጣች፤ ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ናት። መሣሪያዋን ግቢዬ ውስጥ አቁማ ጠበቀች። መስኮቴን ዳሰሰችና ጣቷን አይታ ፈገግ አለች። «ሰፈራችሁ እንዴት ንጹሕ ነው! መሣሪያውም ያገኘው አቧራ ጥቂት ነው።»

አበስኩ ገበርኩ! ጎረቤቶቼ ደስ አላቸው! አንዷማ፣ «ምን አይተሽ፣ እኛ ሁሌም እንዲህ ነን» ብላ ተኩራራች።

እኔ ክው አልኩ። በገዛ እጃችን ልጄን ከቤቷ ልናስወጣት!

«ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ!» ብዬ ጮህኩ። «ሁሌም ምንድን ነን? ሁሌም ስንስል አይደል የምንውለው?» ወደ መርማሪዋ ዞርኩ። «እህቴ፣ አንቺን እናክብር ብለን ነው ጉድ የሠራነው። ከማለዳ ጀምሮ ስንጠርግ፣ ውሃ ስንረጭ ነው የቆየነው። ነይ፣ ያልተጠረገ ቤት ላሳይሽ።» እጇን ይዤ እየጎተትኩ እትዬ ነገ ደጃፍ አደረስኳት።

እትዬ ደነገጡ። «እንዴ! ሳትነግሪኝ እንግዳ ይዘሽብኝ ትመጫለሽ? ነገ ላጸዳው ነበር እኮ!»

«እትዬ፣ በሞቴ እንዳይነኩት! ዛሬ የሚያወጣን የእርስዎ ስንፍና ነው።»

ሊቆጡኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳቃቸው ቀደማቸው። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና መቃኑን ይዘው ቆሙ። መርማሪዋ ሳሉ እስኪያልፍላቸው ደግፋቸው ቆየች።

ከዚያ ቤቱን አየችው። መስኮቱ ላይ የተኛው አመድ ጣት ያሰምጣል። መጋረጃውን ብትነካው ግራጫ አቧራ ቡን አለ። የጣሪያው አሸንዳ በጠጠረ ሲሚንቶ ተደፍኗል። ፈገግታዋ ጠፋ። ከየቦታው እየፋቀች በጠርሙስ ወሰደች፤ መሣሪያዋንም እዚያው በረንዳ ላይ ተክላ፣ «ሳምንቱን ሙሉ ማንም እንዳይጠርግ፣ ውሃም እንዳይረጭ» አለች።

አለመጥረግ እንዲህ ከባድ መሆኑን ማን ያውቃል! የሴቱን ሁሉ እጅ በላው። እኔ ዘብ ቆምኩ፤ መጥረጊያ ይዛ ያገኘኋትን ሁሉ አባረርኩ። እትዬ ነገ ደግሞ ወንበራቸውን አውጥተው እንደ ዳኛ ተሰየሙ፤ «ዕድሜዬን ሙሉ ስታሙኝ የኖራችሁት ለዚህ ቀን ነው!» እያሉ።

ውጤቱ የተነገረ ቀን ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ። ፋብሪካው ተዘጋ። ማጣሪያ አስገብቶ ሲከፈት ያ ሁሉ ጭስ የለም። ትምህርት ተዘጋ፤ ባሌ «ከመላካችን በፊት እስቲ ትንሽ እንያት» አለ። እየዋለ እያደረ ሳሏ ሳሳ፣ የፊቷ ወዝ ተመለሰ።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። ማዳመጫውን ጀርባዋ ላይ አድርጎ «ተንፍሺ» አላት። ቦታ ቀይሮ እንደገና «ተንፍሺ» አላት። ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ በራ።

«አላልኳችሁም? ቦታ መለወጧ ጠቀማት። የት ወሰዳችኋት?»

«የትም!» አልኩ። ድምፄ አምልጦኝ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «የትም አልወሰድናት ዶክተር! እዚያው ቤቷ ናት!»