ጭኑ ውስጥ የቀረው ብረት

"ሰውነቱ ውስጥ ብረት አለ ወይ፣ ጋሼ አሳምነው? ጥይት፣ ፍንጣሪ፣ የልብ ማሽን፣ ምንም ይሁን።" ነርሷ ሃይሚ እስክሪብቶዋን ፎርሙ ላይ እንደደገነች ጠበቀች።

"የለም" አለ አሳምነው ቶሎ ብሎ።

ታላቅ ወንድሙ ሰይፈሥላሴ አልጋው ላይ አፉ ተጣሞ፣ ምላሱ ታስሮ፣ ግራ እጁ ተዝለፍልፎ ተኝቷል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖር። ዛሬ ጠዋት ፌርፋክስ፣ የሐበሻው ሰፈር ያለውን ሱቁን ሳይከፍት ቢቀር፣ ቤቱ ሄዶ ወድቆ ያገኘው አሳምነው ነው።

"መቼ እንደጀመረው ታውቃለህ?"

"ትናንት ሱቅ ሲዘጋ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲያ እግዜር ይወቅ።"

"ኤም አር አዩ እኮ ለዚህ ነው። የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም። ደም አጥሮት ገና ያልሞተ ካለ ግን ለይቶ ያሳየናል፤ የረጋውን ደም ያወጡለታል። ሶ፣ ደቂቃም ማባከን የለብንም።"

አንተ አለችው፤ የልጁ እኩያ። እሱንም ዋጠው። ፎርሙን ግን በጎሪጥ አየው። ለአንጎል ፎቶ የጭን ብረት ምን ያደርግላቸዋል? የዚህ አገር ወረቀት አንዱን ጠይቆ ሌላውን ነው የሚያጠምድ። ሰይፈሥላሴ ጥገኝነት ሲጠይቅ "መሣሪያ ነክቼ የማላውቅ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ" ብሎ ምሏል። አሥር አለቃ እንደነበረና ቀኝ ጭኑ ውስጥ ፍንጣሪ እንደቀረ የሚያውቅ አሳምነው ብቻ ነው። እሱም የመጣው በወንድሙ ወረቀት ነው፤ የዚያ ከተበላሸ የእሱም አለቀለት። ይቺ ልጅ ደግሞ የእትዬ ቦሰና ልጅ ናት። ቦሰና የሰማችውን ፌርፋክስ ሳይመሽ ይሰማዋል።

ደግሞስ ለማን ብሎ? ልጁን ሲድር፣ አሳምነው ፓርኪንግ ስለሚሠራ ብቻ፣ በሙሉ ልብሱ በር ላይ እንደቆመ "ቁልፋችሁን ለሱ ስጡት" እያለ እንግዶቹን የላከበት ይኸው ሰውዬ አይደለም?

"ቢኖርስ?" አለ። "እንዲያው ለወሬ ያህል።"

"ማሽኑ ማግኔት ነው፣ ጋሼ። ብረቱን ከቦታው ካነቃነቀው ደም ሥር ሊቆርጥ ይችላል። ካወቅን ግን በራጅ አይተን፣ ካስፈራም በሌላ ማሽን እናየዋለን።"

"ወረቀቱስ የት ይሄዳል?"

"ማሽኑ ክፍል ነዋ!"

"ኢሚግሬሽን አያየውም?"

ሃይሚ ሊያመልጣት የነበረውን ሳቅ ዋጠች። "ለእናቴ እንኳን ብነግር ከሥራ እባረራለሁ።"

አላመናትም። ዞር ሲል ወንድሙ በደህና እጁ ብርድ ልብሱን ቀኝ ጭኑ ላይ ጨምድዶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ራሱን ሲነቀንቅ አየው። አትናገር ማለቱ ነው።

"ዛሬም ታዛለህ?" አለው አሳምነው።

ብርድ ልብሱን ከእጁ መንጭቆ ጠባሳውን ገለጠው።

"እዚህ ጋ ነው፤ ፍንጣሪ ነው" አላት። "ጻፊው። ማን ነገረሽ ካሉሽም የእኔን ስም ጻፊ።"