ያልጠየቀችው ምልጃ

ማራኪ ብስክሌቷን በመኪናው ጣሪያ ላይ ለማሰር ወደ ላይ ስታነሣ፣ የቡድን መሪው ናስረዲን ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ደረጃ ላይ ሆኖ በእጁ ምልክት አስቆማት።

"እሱን ማውረድ ነው፣ መምህርት። አልነገሩሽም እንዴ?"

"ምኑን?"

"አንቺ እኮ ቀርተሻል።"

ናስረዲን የያዘው ወረቀት ላይ እሑድ ሐዋሳ በሚደረገው የትሪያትሎን ውድድር የሚሳተፉ የአራት ሰዎች ስም ተጽፎ ነበር። ሰባት መቶ ሃምሳ ሜትር ዋና፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ። የሦስተኛው ተራ ቁጥር ስም የእሷ ነው። በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር አልፎበታል። መስመሩን ያሰመረው ሰው አልቸኮለም ነበር።

"ማን ነው የሰረዘኝ?"

"እኛማ ለምን እንሰርዝሻለን? ሽማግሌ መጥቶብን ነው እንጂ። ማክሰኞ ዕለት የባልሽ አባት አቶ ዋለ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ 'ልጃችን ሆዱ ተቀዶ ተኝቷል፤ ሚስቱን ከዚህ ግዳጅ ማሩልን' አሉ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እንባዬ መጣ። ለስላሳ ጋብዘናቸው፣ መርቀውን ሄዱ።"

የባልን አባት ስም መጥራት ማራኪ ባደገችበት ወግ ነውር ነው። በስምንት ዓመት ትዳሯ ያ ስም አንድ ጊዜ እንኳ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ከናስረዲን አፍ ስትሰማው ክስ የሚነበብባት መሰላት።

"ስልክ ቁጥሬ እርስዎ ዘንድ የለም?"

"አለ እንጂ።"

"ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም?"

"ሽማግሌ በእግሩ መጥቶ ለምኖኝ፣ እኔ ደግሞ ስልክ ደውዬ ላጣራ? እነሱን ዋሽታችኋል ማለት አይሆንም?"

"ግዳጅ አልነበረም፣ አቶ ናስረዲን። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነው። ዋና ለመለማመድ በየዐሥራ አምስት ቀኑ በራሴ ገንዘብ ሐዋሳ ስመላለስ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። ማጣሪያውንም ያለፍኩት እርስዎ ባሉበት ነው።"

"እሱን ማን ይክድሻል! ጎበዝ ነሽ። ግን ባልም ባል ነው።" ናስረዲን ወረቀቱን አጠፈው። "በአንቺ ቦታ ማንንም አልተካንም። መኪናው ሰባት ሰዓት ይነሣል። እስከዚያ ባለቤትሽ መፍቀዱን የሚገልጽ ወረቀት አስፈርመሽ ካመጣሽ፣ ነገ ሽማግሌዎቹ ቢወቅሱኝ የማሳየው ይኖረኛል።"

ማራኪ ብስክሌቷን መሬት ላይ አቆመች። ከተናገረች ድምፅዋ ከፍ እንደሚል አውቃለች፤ ድምፅዋ ከፍ ካለ ደግሞ ናስረዲን የሚያስታውሰው ጩኸቷን ብቻ ይሆናል። ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ወደ ቤቷ ነዳች።

ቤቱ ከቤተ ክርስቲያናቸው በመጡ ጠያቂዎች ተሞልቷል። ባሏ ሆሴዕ ጠጠር የሞላው የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ዐሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ጠያቂዎቹ በየቀኑ ቅቤ የሚንሳፈፍበት፣ አተካና የሚባል የቡላ ገንፎ ይዘው ይመጣሉ። ቅቤ ለጊዜው እንዳይቀምስ ሐኪሙ መከልከሉን ማራኪ በየቀኑ ታስረዳለች፤ በየቀኑም ባሏን በረኀብ የምትቀጣ ሴት ተደርጋ ትታያለች። የባሏ አባት ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ስትገባ ፊታቸው በራ።

"መጣሽ ልጄ? ነገሩሽ አይደል? ነፃ አወጣንሽ!"

"ጌታ ይመስገን!" አሉ ጠያቂዎቹ በአንድ ድምፅ።

"ምን ዓይነት መሥሪያ ቤት ነው?" አሉ አማቷ ወደ ጠያቂዎቹ ዞረው። "ባሏ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ የሰው ሚስት ሐይቅ ውስጥ ገብተሽ ዋኚ ይላል!"

"ጉማሬም አለበት አሉ" አለች አንዷ።

"ጉማሬው ይሻላል፤ ቢያንስ ስብሰባ አይጠራም" አለች ሌላዋ፤ ቤቱ ሳቀ።

ማራኪ አልሳቀችም። "አባባ፣ ግዳጅ ነው ብሎ የነገረዎት ማን ነው?"

ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ አልጋው አመለከቱ። "እሱ ነዋ! 'ታዝዛ ነው፤ እምቢ ብትል ደመወዟን ይቆርጡባታል' አለኝ፤ አምና ነው የነገረኝ።"

ሆሴዕ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ማራኪ ጠያቂዎቹን በትሕትና አመሰገነች፤ ቁስሉ የሚታሸግበት ሰዓት ስለ ደረሰ ይቅርታ እንዲያደርጉላት ለመነች። እየመረቁ ወጡ። በሩን ዘጋችና አልጋው ግርጌ ቆመች።

"ሆሴዕ።"

"ላንቺ ብዬ ነው" አለ ግድግዳውን እያየ። "ሴት ልጅ ቁምጣ ለብሳ በጊምቢቹ መንገድ ብስክሌት ትነዳለች እያሉ በየቤቱ ሲያሙሽ ነበር። ታዝዛ ነው ስላቸው ሁሉም ዝም አሉ። እንዲያውም ያዝኑልሽ ጀመር።"

"ማክሰኞ ሲሄዱስ ታውቅ ነበር?"

የብርድ ልብሱን ጫፍ ማጠፍ ጀመረ።

"እየጠየቅኩህ ነው።"

"አውቅ ነበር።"

"አውቀህ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ትጥቄን ሳዘጋጅ ዝም ብለህ አየኸኝ?"

"ፈራሁ፣ ማራኪ። የምነሣው አንገትሽን ይዤ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የማንን አንገት ልይዝ ነው ብዬ ፈራሁ።"

"እህትህ አስናቀች ዛሬ እንደምትመጣ ሦስታችንም ተስማምተን የለ?"

አማቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አስናቀችንስ ከዶዮገና እንዳትመጣ የነገርኳት እኔ ነኝ። አንቺ ነፃ ከወጣሽ እሷ ምን ትሠራለች ብዬ ነው።"

ማራኪ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። አንዱ ስሟን ለመጠበቅ ሲል በፈቃዷ መሄዷን ክዷል፤ ሌላው ሊምራት ፈልጎ ውድድሯን ወስዶባታል፤ ሦስተኛው፣ ናስረዲን፣ ደግሞ አዝኖላት በማስመሪያ ሰርዟታል። በዚህ ሳምንት ስለ እሷ ያልተመከረበት ቤት የለም። ለእሷ ግን ማንም አልነገራት። ክፉ አስበው ቢሆን ኖሮ መናደድ ይቀልላት ነበር።

"እንግዲህ…" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ "በገዛ ፈቃድሽ ነው የምትሄጂው?"

"በገዛ ፈቃዴ ነው፣ አባባ።"

"ወደሽ?"

"ወድጄ።"

ሽማግሌው ወደ አልጋው ዞሩ። ከዚያ ለልጃቸው በሀዲይኛ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ሆሴዕ ዓይኑን ጨፈነ።

"በዚህ ዕድሜዬ በሐሰት ነገር ሰው ፊት ባርኔጣዬን አወለቅኩ" አሉና ተነሡ። "እሄዳለሁ። ቃሌን እዚያው አነሣለሁ።"

"አይሄዱም፣ አባባ። እርስዎ የሚያስፈልጉት እዚህ ነው።"

"እዚህ ምን ልሠራ?"

"ልጅዎን ሊያነሡ። ይምጡ፣ ላሳይዎት። እጁን አይጎትቱም። ክንድዎን በትከሻው ሥር ያስገባሉ፤ እሱ ጉልበቱን ያጥፋል፤ አብራችሁ ትነሣላችሁ። ሲያስለው ይህን ትራስ ሆዱ ላይ ይይዛል። መድኃኒቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት እና ማታ ሁለት ሰዓት፣ ምግብ ከበላ በኋላ ነው። ምእመናኑ በሙሉ ተሰልፈው ቢያመጡም ቅቤ አይቀምስም።"

"እኔ? እንዲህ ላለው ሴቶች አሉ እኮ።"

"ሴቶቹን ያሰናበቱት እርስዎ ነዎት።"

ሽማግሌው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ጋቢያቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አኖሩ፤ ጎንበስ ብለው ክንዳቸውን በልጃቸው ትከሻ ሥር አስገቡ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ሆሴዕ አቃሰተ። በሁለተኛው ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ቆሙ። ሽማግሌው ልጃቸውን እንዲህ ያቀፉት ሕፃን ሳለ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ የት ማየት እንዳለባቸው አልገባቸውም።

ማራኪ ቦርሳዋን ስትዘጋ ሆሴዕ ተመልሶ ተቀምጦ፣ በሐኪም ቤቱ ፖስታ ጀርባ ላይ እየጻፈ ነበር። አቀበላት። "ባለቤቴ ማራኪ ወደ ሐዋሳ ሄዳ እንድትወዳደር የፈቀድኩላት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ" ይላል። ፊርማው ተንጋድዷል። ናስረዲን ይህን እንደሚጠይቅ አልነገረችውም፤ እሱ ግን የመሥሪያ ቤቱን ጠባይ ያውቃል።

አነበበችው፤ አጥፋም የመድኃኒቱ ካርቶን ሥር አስቀመጠችው።

"አልወስደውም።"

"ያለዚህ አያስገቡሽም!"

"ሆድህ እንዲከፈት የፈረምኩት እኔ ነኝ። የፈረምኩትም አንተ ራስህን ስተህ ስለ ነበር ነው።" ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። "እኔ ራሴን አልሳትኩም፣ ሆሴዕ።"

ሆሴዕ እጁን ዘረጋ። እጁን ያዘችው፤ እንደ ወትሮው ትኩሳቱን ለመለካት በመዳፏ ግንባሩን ዳሰሰች፤ ደኅና ነው። ወጣች።

ለሰባት ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ደረሰች። የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። ሦስቱ ተወዳዳሪዎች በመስኮት አዩዋት። ናስረዲን ከሾፌሩ ጎን ካለው ወንበር ወረደ።

"ፊርማውን አመጣሽ?"

"አላመጣሁም።"

"እንግዲያው ምን ላድርግሽ?"

"የከለከሉኝ ከሆነ በጽሑፍ ይስጡኝ። 'ባሏ ስላልፈረመላት ቀርታለች' ብለው ይጻፉና ማኅተም ይምቱበት። ከዚያ በኋላ የት እንደማቀርበው እኔ አውቃለሁ።"

ናስረዲን ለመሳቅ ሞከረ። "ኧረ መምህርት! እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ይጻፋል እንዴ?"

"የማይጻፍ ከሆነ ለምን ይሠራል?"

ሳቁ ፊቱ ላይ ቆመ። ወደ መስኮቶቹ አየ፤ ወደ ሰዓቱ አየ። ከዚያም እጁን እንደ ለጋስ ሰው ዘረጋና በሩን አሳያት።

"በቃ፣ ግቢ። ከአንቺ ጋር ማን ይከራከራል? ዝርዝሩን ሐዋሳ ደርሰን እናስተካክለዋለን።"

ሾፌሩ ብስክሌቷን ሊቀበላት ወረደ። በሩ ተከፍቷል፤ ከኋላ ባዶ ወንበር ይታያል። ማራኪ ግን የብስክሌቷን መሪ አልለቀቀችም። በዚህ ሳምንት የደረሰባት ነገር ሁሉ በቃልና በደግነት የተሠራ ነበር፤ ሰርዘው ያስቀሯትም፣ አሁን ግቢ የሚሏትም በዚያው ደግነት ነው።

"በመጀመሪያ ስሜን ይጻፉልኝ" አለች።

"ሰዓቱ ሄደ እኮ!"

"አጭር ስም ነው።"

ናስረዲን እስክሪብቶ ፍለጋ የኮቱን ኪሶች በየተራ መዳሰስ ጀመረ። ሾፌሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ፤ ከዚያም ወደ ወንበሩ ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ።