ሳይጻፍ የቀረው ጋዝ

ወንድሜን «ኤሊ» ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። ፍሪጅና ኤሲ መጠገን ያስተማርኩትም እኔው ስለሆንኩ የማሾፍ መብት ያለኝ ይመስለኝ ነበር። እኔ በግማሽ ሰዓት የምጨርሰውን ሥራ እሱ ግማሽ ቀን ይቀመጥበታል። ቱቦ ከመበየዱ በፊት ይለካል፣ ይመረምራል፣ ከዚያ ውስጡ ያለውን ጋዝ በማሽን ስቦ ሲሊንደር ውስጥ ይሰበስባል። «ጋሼ፣ አየር ላይ አይለቀቅም እኮ፤ ሰማዩን ይጎዳል» ይለኛል። እኔ ቱቦውን ቆርጬ እለቀዋለሁ፤ ፉጨቱ ሲያልቅ እሳቴን እለኩሳለሁ። «ሰማዩ የአባትህ ርስት ነው እንዴ?» እያልኩ እስቅበታለሁ።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ሱቃችን ስደርስ ሚስቴ «ወንድምህ ወተት መሸጫው ጋ ሄዷል» አለችኝ። «የምድር ቤቱ ማቀዝቀዣ ያፈስሳል ብለው ደወሉ። መበየጃውን ይዞ ነው የወጣው።»

ስልኬን ከኪሴ መዘዝኩ።

ያንን ማቀዝቀዣ አምና ጋዝ የሞላሁት እኔ ነኝ። ትክክለኛው ጋዝ ከገበያ ጠፍቶ፣ ባለሱቋ ወተቴ ተበላሸ እያለች ስትጨቀጭቀኝ፣ ከምድጃ ጋዝ ብዙም የማይለይ ተቀጣጣይ ጋዝ ሞላሁበት። አሳምሮ አቀዘቀዘ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን እስከ ዛሬ የሚናገረው የድሮውን፣ እሳት የማይዘውን ጋዝ ስም ነው። መቀየር ነበረብኝ። ሴትዮዋ አንብባ እንዳትደነግጥ ብዬ ተውኩት። ስንፍናም ነበረበት፤ አልዋሽም።

ደወልኩ፤ አይነሳም። ምድር ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ እንደሌለ እያወቅኩ ደግሜ ደወልኩ። ሞተር ሳይክሉን እሱ ወስዶታል፤ በእግሬ ሮጥኩ። ያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ እንደ ውሃ ይተኛል፤ ምድር ቤቱ ደግሞ መስኮት የለውም። ያፈስሳል አሉ፣ ከመቼ ጀምሮ ይሆን? ሰው እየገፋሁ፣ መኪና እየጮኸብኝ፣ ወንድሜን በልቤ እለማመጠው ጀመር፤ ዛሬም ተንቀርፈፍ፣ የእናቴ ልጅ፣ እባክህ ተንቀርፈፍ።

የወተት መሸጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰው የለበትም። ዘው ብዬ ገባሁ። ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደው ደረጃ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ተጣራሁ፤ መልስ የለም። መብራት ላበራ እጄን ወደ ማብሪያው ስሰድ አንድ ሰው ከኋላዬ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«እንዳትነካው» አለ ወንድሜ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። «ና፣ ውጣ።»

እየጎተተ መንገዱን አሻገረኝ። ባለሱቋና ሁለት ሻጮቿ ማዶ ቆመዋል፤ መበየጃውም እግራቸው ሥር ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጌጅ ሰክቼ ግፊቱን ከሙቀቱ ጋር ሳመሳክር ከተጻፈው ጋዝ ጋር አልገጥም አለኝ፤ ተቀጣጣይ ነው ብዬ ጠረጠርኩ» አለ። «መሰብሰቢያ ማሽኔን እንኳ አላስነሳሁትም፤ አንድ ብልጭታ ይበቃል። ሰዉን አስወጣሁ። ለመብራት ኃይል ደውያለሁ፣ ከምሰሶው ላይ ይቆርጡልናል። ይህን ሞልቶ ሳይጽፍ የሄደው ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ጋሼ።»

ባለሱቋ አየችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም ልል አስቤ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ወንድሜ ፊቱን ወደ ሱቁ አዞረ። ምነው በሰደበኝ ብዬ ተመኘሁ። እኔ እንዳስተማርኩት ቆርጦ፣ ለቆ፣ ለኩሶ ቢሆን ኖሮ አሁን ለሚስቱ ምን ብዬ እነግራት ነበር? ሁለት ልጆች አሉት። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ሌላስ የት የት ሞላህ?» አለኝ በመጨረሻ፣ ከኪሱ እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት እያወጣ።

መናገር ጀመርኩ። ሥጋ ቤቱ። አበባ መሸጫው። የፋርማሲው ኤሲ። እሱ ይጽፋል፤ እኔ መሬት መሬት እያየሁ እናገራለሁ። ስምንተኛው ላይ ቆምኩ።

«በቃ?»

«ዘጠኝ ናቸው።»

እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ሳያነሳ ጠበቀኝ።

«ዘጠነኛው ጠፋብኝ» አልኩት። «ደረጃ መውረዴን ብቻ ነው የማስታውሰው።»